«የቀኝ ልቡ ሰፍቷል» ብላችሁ አትፈርሙ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ ወጣት ሐኪም የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤት ይዞ መጣ። «ዶክተር፣ የታችኛው የቀኝ ልብ ክፍል ሰፍቷል። ከሳንባ ነው ብዬ ልዝጋው?» አለኝ። የድሮ ቁጭቴ ተቀሰቀሰ።

አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። የጠየቀቻቸው ሁሉ «ጭሱ ነው» ይሏታል። ነገሩ ያሳምናል፤ የማገዶ ጭስ ሳንባን ይጎዳል፣ የተጎዳ ሳንባ ደግሞ የቀኙን ልብ ያደክማል። እኔ ጋ ስትደርስ ጥፍሯ ጠቁሯል፣ የጣቶቿ ጫፍ አብጧል። ከፌስታል ውስጥ የታጠፉ ወረቀቶች አወጣች። አንዱ ከዓመታት በፊት የተሠራ ኢኮ ነው። «የቀኝ ልብ ሰፍቷል፤ የሳንባ ደም ሥር ግፊት በመጠኑ ጨምሯል» ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ለምን ሰፋ ብሎ የጠየቀ የለም።

ሳዳምጣት ሁለተኛው የልብ ድምፅ ለሁለት ተከፍሏል። አየር ስታስገባም ስታስወጣም ክፍተቱ ያው ነው፤ ቀዳዳ ጠረጠርኩ። በጉሮሮ በኩል በሚገባው ኢኮ ስናይ በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ተገኘ፤ ያውም ከላይ፣ ቬና ካቫ (ደም ከሰውነት ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቁ ሥር) ከሚገባበት አጠገብ። ደረት ላይ የሚሠራው ኢኮ ይህን ቦታ ብዙ ጊዜ ሳያሳይ ያልፋል። ያ ወረቀት በተጻፈበት ጊዜ ቢገኝ ኖሮ በኦፕራሲዮን ይዘጋ ነበር። አሁን ግን የሳንባው ግፊት ከልክ አልፎ ደሙ ከቀኝ ወደ ግራ መሻገር ጀምሯል። በዚህ ደረጃ ቀዳዳውን መዝጋት ራሱ ሊገድላት ይችላል። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የእናንተ ትውልድ ምስል በማንበብ ይበልጠናል፣ እመሰክራለሁ። ማዳመጫውን ግን ረስታችሁታል። እኛ ስንማር አስተማሪያችን ዓይናችንን አስጨፍኖ ነበር የሚያስደምጠን። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እስኪያባራ ቆመን እንጠብቃለን።

በአገራችን የቀኝ ልብ የሚሰፋበት ምክንያት ብዙ ነው፦ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የጠበበ ሚትራል ቫልቭ (የግራው ልብ በር)፣ የድሮ ቲቢ ያበላሸው ሳንባ፣ ሳንባ ውስጥ የቀረ የረጋ ደም፣ ኤችአይቪ፣ ብልሃርዝያ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት ብላችሁ ግን በከፍታው አታሳብቡ።

የግራው ልብና ሳንባው ደህና ከሆኑ ቀዳዳ ፈልጉ። ደም ከሳንባ ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች የት የት እንደሚገቡ አንድ በአንድ ተከተሉ። ይህን የሚያሳየው ሲቲ ምርመራ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። አቅም ለሌለው ታካሚ በአረፋው ጀምሩ፦ ጨው ውሃ ከጥቂት አየር ጋር በሁለት ሲሪንጅ ናጡና በክንድ ደም ሥር እየሰጣችሁ በኢኮ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ፍንጭ ይሰጣል። ፍንጭ ባይሰጥም ጥርጣሬው ካለቀቃችሁ በጉሮሮ ወደሚሠራው ኢኮ ላኩት።