የእንግሊዝኛና የጣሊያንኛ ጥናት በግል፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ሮም ነው የምኖረው። ሐበሾችን ሁለቱንም ቋንቋ አስጠናለሁ። ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ባዳንቴ (አረጋውያንን ቤታቸው የምትንከባከብ ሠራተኛ) ነኝ፣ እዚያው ነው የማድረው። የእኔ የምለው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድን ብቻ ነው። ለጣሊያን ዜግነት ቢ1 (መካከለኛ የጣሊያንኛ ደረጃ) ያስፈልግሻል አሉኝ። አስጠኚ ልቅጠር?

እህቴ፣ መጀመሪያ ወረቀትሽን እዪ። በፈረንጆቹ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለዜግነት ቢ1 ይጠየቃል፣ እውነት ነው። ግን የረጅም ጊዜ የአውሮፓ ሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያለው ሰው ይህን ፈተና አይጠየቅም። ካለሽ ለፈተና ብለሽ ብር አታውጪ። ከሌለሽ ቺፒያ ተመዝገቢ፤ የመንግሥት የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ነው፣ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ያስተምራሉ። ሰዋስው እዚያ ይበቃሻል። ለአስጠኚ የምትከፍዪው እዚያ ለማታገኚው ነገር ብቻ ይሁን፣ እሱም መናገር ነው፤ ክፍሉ በሰው ስለሚሞላ ተራ ደርሶሽ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳትናገሪ ሰዓቱ ያልቃል። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ሙሉውን አንቺ እያወራሽ፣ በቂ ነው። በቀረው ቀን ሲኞራሽን አዋሪያት። ስትሳሳቺ እንድታርምሽ ለምኛት፣ ብዙዎቹ ደስ እያላቸው ነው የሚያርሙት።

ጥያቄ፦ ጣሊያንኛ ለሐበሻ ይቀላል የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል አዎ። ማጥበቅና ማላላት አማርኛ ላይ አለን። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ደግሞ ገና አልመጣም የምንለው። ጣሊያንኛም እንደዚያው ነው፤ «ፓላ» ሲጠብቅ ኳስ፣ ሲላላ አካፋ። እንግሊዞች ለዚህ ብዙ ይለፋሉ፣ የእኛ ተማሪ ግን ወዲያው ይሰማዋል። ግሱም «እናገራለሁ» ብለን «እኔ»ን እንደምንተወው «ፓርሎ» ብሎ ያበቃል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ጠረጴዛውም ወንበሩም ጾታ አለው፣ ከስሙ ጋር አብሮ ካልተያዘ በኋላ አይስተካከልም። እዚህ ላይ አስጠኚ በየደቂቃው ሊያርም ይገባል።

እንግሊዝኛ ላይ ደግሞ ይኸው ጥንካሬያችን ይጎዳናል። ሁለት ፊደል ባየን ቁጥር እናጠብቃለን፣ «ሃፒ» ስንል ፒዋን እንረግጣታለን። አይጠብቅም፣ ይላላል።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ባንዴ ብማርስ?

ሁለቱም ላይ ዜሮ ከሆንክ ተው ወንድሜ። እንጀራህ ካለበት ጀምር። እንግሊዝኛህ ደህና ከሆነ ግን ጣሊያንኛውን ያግዝሃል፣ ብዙ ቃላት ይቀራረባሉ። አንዳንዶቹ ያታልላሉ፤ «ሊብሬሪያ» መጻሕፍት መሸጫ እንጂ ቤተ መጻሕፍት አይደለም፣ «ፓሬንቲ» ደግሞ ዘመድ እንጂ ወላጅ አይደለም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ቶሪኖ ፖሊቴክኒኮ ማስተርስ ደርሶኛል፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ጣሊያንኛ ምን ያደርግልኛል?

እንኳን ደስ ያለህ! ጣሊያን በገባህ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ ሶጆርኖ ማመልከት አለብህ፣ ፖስታ ቤት ነው የሚጀመረው፣ ከዚያ ኩዌስቱራ (ፈቃዱን የሚሰጠው የፖሊስ ጽሕፈት ቤት) አለ፣ ቤት ኪራይ አለ። እዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ የሚመልስልህ አታገኝም። ቢያንስ ኤ1 (የመጀመሪያውን ደረጃ) ይዘህ ሂድ። አዲስ አበባ ያለውን የኢጣሊያ የባህል ተቋም ጠይቅ፣ ከእሱ ጎን ለጎን አስጠኚህ ፎርም መሙላትና ቀጠሮ መያዝ ያለማምድህ።

ጥያቄ፦ ጥሩ አስጠኚ በምን ይታወቃል?

የወር ከመክፈልሽ በፊት አንድ ሰዓት ሞክሪው። ለምን እንደምትማሪ ሳይጠይቅ መጽሐፍ ከገለጠ ጥሩ ምልክት አይደለም። ካንቺ በላይ ካወራም ሌላ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ አይኤልትስን (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናውን) አሁኑኑ ተፈትኜ ላስቀምጠው?

የምታመለክትበት ጊዜ ሳይታወቅ አትፈተን። ውጤቱን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት ለ2 ዓመት ብቻ ነው፣ ክፍያውም ቀላል አይደለም። እስከዚያው ሰዓት እየያዝክ ጻፍ፣ የጻፍከውንም የሚያርምልህ ሰው ፈልግ።