በራስ አቅም ፊልም መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ጋሼ፣ የፊልም ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከየት ልጀምር?

ከድምፅ ጀምር። ካሜራ የሚያውስህ ሰው አይጠፋም። የመጀመሪያ አጭር ፊልሜን በነሐሴ ወር፣ ቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት ውስጥ ቀረጽሁ። ዝናቡ ሲወርድ የእናትየዋን ንግግር ዋጠው። ተዋናይዋን መልሼ ጠርቼ፣ ግድግዳውን በብርድ ልብስ በጋረድንበት ክፍል ንግግሩን እንደገና ቀዳን፤ ከንፈሯና ቃሏ ግን እስከ ዛሬ አልታረቁም። ከዚያ ወዲህ የቀረጻ ቦታ ስመርጥ መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ።

ሥራዬን ልልቀቅ ወይ?

አትልቀቂ። ኃይሌ ገሪማ ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ነው ፊልሞቹን የሠራው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» ዐሥራ አራት ዓመት ፈጅቶበታል። ያን ያህል ጊዜ ያለ ደመወዝ ማን ይቆያል? እኔን ያቆየኝ የሰርግ ቀረጻ ነው። ይናቃል፤ ግን ሙሽራዋን «ይቅርታ፣ እንደገና ግቢ» ማለት ስለማይቻል ቀድሞ መዘጋጀትን ያስተምራል።

አከፋፋይ ባላገኝስ?

የ«ሳንኮፋ»ን መንገድ እይ። በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር የቀረበ የኃይሌ ፊልም ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍለው አጣ። ኃይሌና ባለቤቱ ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት። ያየው ላላየው ነገረ፤ ፊልሙም ከከተማ ከተማ ዞረ። ኋላም በዚያው ስም ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት መጻሕፍትና ፊልም የሚሸጥበት ካፌ ከፈቱ። መብቱን ለማንም አለማስረከባቸውን ልብ በል። ለመጀመሪያ ፊልምህ የሚቀርብልህ ውል ብዙ ጊዜ «ለሁልጊዜና ለሁሉም አገር» ይላል፤ እዚያ መስመር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶህን አስቀምጥ።

አጎቴ ገንዘብ ሊሰጠኝ ፈቅዷል።

ብድር ነው ወይስ ድርሻ? ዛሬውኑ በወረቀት አስፍሩት።

ብቻዬን መቅረጽ እችላለሁ?

እንደ ፊልሙ ነው። ጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልሟን ሐረር እየተመላለሰች ካሜራውን ራሷ ይዛ ነው የቀረጸችው፤ ዐሥር ዓመት ያህል ፈጅቶባታል። ብዙ ተዋናይ ያለበት ታሪክ ከሆነ ግን ቢያንስ ድምፅ የሚይዝልህ ሰው ያስፈልግሃል።

የተቀረጸውን የት ላስቀምጥ?

ሁለት ቦታ፣ ሁለት የተለያየ ቤት። የእኔ አንዱ ሃርድ ዲስክ አክስቴ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቿ ሥር ነው።