ዲግሪሽን አሳዪያቸው እንጂ አትስጫቸው

ጥያቄ፦ «ሰላም ጠበቃችን። ዘንድሮ በነርሲንግ ዲግሪ ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም አልፌያለሁ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ሆስፒታል ሊቀጥረኝ ነው፤ እንድፈርምበት የሰጡኝ ወረቀት ግን አስጨነቀኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ‹ሥልጠና› ስለሆኑ ደመወዝ የላቸውም ይላል። ኦርጅናል ዲግሪዬና የሙያ ፈቃዴ ሰው ኃይል ክፍል ይቀመጣል። ሁለት ዓመት ሳልሞላ ከለቀቅሁ 100,000 ብር እከፍላለሁ። አጎቴም ዋስ ሆኖ ይፈርማል። ሰኞ ፈርሜ ካልመለስኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተብያለሁ። ሌላም ጥያቄ አለኝ። ደብረ ብርሃን ያለችው ታናሽ እህቴ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። አንድ ኮሌጅ ‹የነርሲንግ ዕውቅናችን በሂደት ላይ ነው፤ በዚህ ሳምንት ከከፈልሽ ቅናሽ አለሽ› ብሏታል። ትመዝገብ ወይስ ትቆይ? እባክዎ ይምከሩኝ።»

መልስ፦ ሲስተር፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሳትፈርሚ መጨነቅሽም ደግ ነው። ብዙዎች የሚጨነቁት ከፈረሙ በኋላ ነው፤ እኔ ቢሮ የሚመጡትም ያኔ ነው።

ከጥያቄዎችሽ ሁሉ የሚያስቸኩለኝ የዲግሪው ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ቀጣሪ ኦርጅናል ማስረጃ ማየት መብቱ ነው። ፎርጅድ ዲግሪ በበዛበት ዘመን ሆስፒታል ባያይ ነበር የሚገርመው። አይቶ፣ ከኮፒው ጋር አመሳክሮ፣ ኮፒው ላይ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» ብሎ ማኅተም መትቶ ዋናውን ይመልስልሻል። ከተጠራጠረም ለተማርሽበት ተቋም ደብዳቤ ጽፎ ያጣራል። ዲግሪሽን እንደ መያዣ መሳቢያ ውስጥ እንዲቆልፍ የሚፈቅድለት ድንጋጌ ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ የለም። ዲግሪ የቤት ካርታ አይደለም፤ ተሸጦ ዕዳ አይከፈልበትም። ቀጣሪው ዘንድ ሲቀመጥ አንድ ጥቅም ብቻ አለው፤ አንቺን ሌላ ቦታ እንዳትቀጠሪ ማድረግ።

የሙያ ፈቃዱ ደግሞ ይብሳል። የጤና ተቋም ፈቃድ ለማውጣትም ለማሳደስም፣ ለደረጃው የሚፈለገው ባለሙያ እንዳለው ማሳየት አለበት። ፈቃድ «ማከራየት» የሚባለው በሽታ የመጣው ከዚህ ነው። ባለሙያው የለም፤ ወረቀቱ ግን አለ። አንቺ ለቀሽ ሄደሽ ፈቃድሽ እዚያው ቢቀር፣ ሳታውቂ የሌለሽበት ቤት ሠራተኛ ሆነሽ ልትቆጠሪ ትችያለሽ። አንድ ታካሚ ላይ ጉዳት ቢደርስ መጀመሪያ የሚፈለገው ስሙ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ የምትሰጪው ኮፒ ነው። ስትለቂ ደግሞ የለቀቅሽበትን ቀን የያዘ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ተቀበይ። አዋጁ አሠሪው ይህን ደብዳቤ ያለ ክፍያ እንዲሰጥሽ ያስገድደዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ነርስ ቢሮዬ መጥታ ነበር። ክሊኒክ ውስጥ ስትቀጠር ዲግሪዋን አስረክባ ነበር። ስትለቅ ስትጠይቃቸው «እኛ አልተረከብንም» አሏት። የተረከቡበት ወረቀት የላትም። እኛ ደብዳቤ ስንጻጻፍ ሌላ ቦታ ያገኘችው ሥራ አመለጣት፤ ኦርጅናል ማቅረቢያው ቀን አለፈ። በመጨረሻ ዲግሪው ተገኘ፤ «ሌላ ፋይል ውስጥ ነበር» ተባለ። እንግዲህ ምን ትያለሽ?

ወደ ሦስቱ ወራት እንምጣ። «ሥልጠና» የሚለው ቃል ዝም ብሎ አልተመረጠም። አዋጁ ለማስተማር ወይም ለማሠልጠን ሲባል የሚደረጉ ውሎችን ከሥራ ውል ውጭ ያደርጋቸዋል፤ የለማማጅነት ውል ብቻ ነው የተለየው። ወረቀቱን ያረቀቀው ሰው ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል።

ሕጉ የሚያውቀው የሙከራ ጊዜ ነው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት። ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም። በሳምንት ስድስት ቀን ብትሠሪ አሥር ሳምንት ገደማ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዝ ይከፈለዋል። ልዩነቱ የመለያየቱ ላይ ነው፤ ለሥራው አልሆንሽም ብለው ካመኑ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። አንቺም ካልተስማማሽ ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ትችያለሽ። ይህን ሁለተኛውን ብዙ አዲስ ተመራቂ አያውቀውም።

«ሥልጠና» ብለው ዋርድ ውስጥ ካሠሩሽስ? መድኃኒት እየሰጠሽ፣ ተራ እየገባሽ፣ ማታ ብቻሽን ክፍል እየያዝሽ ከሆነ፣ ይህ ሥራ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ሆኖም አላሞኝሽም። አዋጁ የሥራ ውልን ሲተረጉም ደመወዝን ይጨምራል፤ «ደመወዝ የለውም» የሚል ወረቀት ላይ ፊርማሽ ካለ ክርክሩን ዳገት ላይ ትጀምሪዋለሽ። ቀላሉ መንገድ አሁን ነው። «ሥልጠና» የሚለው ተሰርዞ «የሙከራ ጊዜ» ይባል፤ ደመወዙም በቁጥር ይጻፍ በያቸው።

ተገደሽ ከገባሽ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስረጃ ያዢ። የተራ መግቢያ ፕሮግራሙን ፎቶ አንሺ፤ ማን እንዳዘዘሽና ስንት ሰዓት እንደሠራሽ ማስታወሻ ደብተር ላይ ጻፊ። የታካሚ ካርድ ግን ፎቶ እንዳታነሺ። የራስሽን መብት ስታስከብሪ የሰው ምስጢር አውጥተሽ ሌላ ጣጣ ውስጥ ትገቢያለሽ።

የሁለት ዓመቱ ግዴታ ሁለት መልክ አለው። በመርህ ደረጃ የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ የሚደረገው አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በወሊድ ፈቃድ የወጣችን ሠራተኛ ለመተካት። የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ ደግሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥታ መልቀቅ ትችላለች። ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ብትሄድ እንኳ አዋጁ የሚያስከፍላት ካሣ ከ30 ቀን ደመወዟ አይበልጥም። 100,000 ብር ከየት መጣ? ከዚያው ከአርቃቂው ጭንቅላት ነው።

ሁለተኛው መልክ እውነተኛ ሥልጠና ነው። ሆስፒታሉ ገንዘብ አውጥቶ ለምሳሌ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሥራ ወይም በዲያሊሲስ ልዩ ኮርስ ቢያስተምርሽ፣ አንቺም «ተምሬ ይህን ያህል ጊዜ አገለግላለሁ» ብለሽ በጽሑፍ ብትስማሚ፣ ያ ግዴታ ዋጋ አለው። ፍርድ ቤት ያስከብረዋል። ሚዛናዊም ነው፤ እሱ ከፍሎ ሌላው እንዲጠቀም ማን ይፈልጋል? ስለዚህ ጥያቄሽ ይህ ይሁን፤ ምን ሥልጠና ነው የምትሰጡኝ? ስንት ብር ያወጣል? መልስ ካላቸው ወጪው በቁጥር ይጻፍ፤ ባገለገልሽ ቁጥርም ከገንዘቡ እየተቀነሰ ይሂድ። መልስ ከሌላቸው ገንዘቡ መቀጫ እንጂ የሥልጠና ወጪ አይደለም። «ፍርድ ቤት ይሰርዘዋል» ብለሽ ግን አትፈርሚ። ሊሰረዝ የሚችል ግዴታም ቢሆን እስኪሰረዝ እንቅልፍ ይነሳል።

አጎትሽን በተመለከተ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። «ለምታደርሰው ማናቸውም ጉዳት ዋስ ነኝ» የሚል ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም ማለት ነው። 100,000 ብር ተብሎ ከተጻፈ ግን ሌላ ነገር ነው። ጋሼ ለአንቺ ሲሉ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዳይፈርሙ። ወረቀቱን ራሳቸው ያንብቡት፤ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

ስለ ዲዩቲ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ትጠይቂኛለሽ። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰዓት ደመወዝሽ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። የሌሊቱ ስሌት ለትርፍ ሰዓት ነው፤ ማታ መግባትሽ ብቻውን ትርፍ ሰዓት አያደርገውም። እዚህ ላይ ነርሶች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ካልተከፈለሽ ደግሞ አትተኚ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ሲያልፈው በይርጋ ይታገዳል። የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም፤ ስለዚህ «ገንዘብ የለኝም» ምክንያት አይሆንም።

መርፌ ከወጋሽ በዚያው ሰዓት ለኃላፊሽ ነግረሽ በጽሑፍ አስመዝግቢ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ። እኔ የምጨምረው ያ መዝገብ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ማስረጃሽ መሆኑን ነው። ጡረታም ጠይቂ። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት በግል ድርጅት ካንቺ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል።

አሁን ወደ እህትሽ። «በሂደት ላይ ነው» ማለት የለም ማለት ነው። ሌላ ትርጉም አልፈልግለትም።

ለግል ኮሌጅ ዕውቅና የሚሰጠው በጅምላ አይደለም። ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ለየብቻ ነው። አዲስ አበባ በነርሲንግ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ ደብረ ብርሃን ቅርንጫፍ ሲከፍት ያ ወረቀት አብሮት አይመጣም። በአካውንቲንግ ያለውም ለነርሲንግ አይሆንም። በዲግሪ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠውን ደብዳቤ ትጠይቅ፤ በደረጃ ከሆነ የክልሉ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ተቆጣጣሪ የሰጠውን። ደብዳቤው ላይ የምታነበው ሦስት ነገር ነው። ነርሲንግ ይላል? የዚያን ካምፓስ ስም ይጠራል? ቀኑስ አላለፈም? ከዚያ ደብዳቤውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ዘንድ ታጣራ። ኮሌጁ በር ላይ የተሰቀለው ባነር ማስረጃ አይደለም።

የራሷ የ12ኛ ክፍል ውጤትም ይታይ። ለዲግሪ የሚፈለገውን የመግቢያ ነጥብ ሳታሟላ «ችግር የለም፣ እናስገባሻለን» የሚላት ካለ ትሽሽ። ክፍያው እንጂ ዲግሪው አያስጨንቀውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና 50 በመቶ ማምጣት ግድ ነው። አላግባብ የገባች ተማሪ አራት ዓመት ከፍላ ፈተናው በር ላይ ልትቀር ትችላለች።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ከሕግ ይልቅ ከልምድ የመጣ ነው። የተግባር ልምምድ የት ነው የምትወጡት ትበላቸው። የሆስፒታሉ ስምና ስምምነቱ ይታይ። ለልምምድ ተጨማሪ ክፍያ ይኖር እንደሆነም ትጠይቅ። ያለ ታካሚ የተማረ ነርስ እኔ ራሴን እንዲወጋኝ አልፈልግም።

ከፍላ ከሆነም ጨርሶ አልመሸም። ያለ ዕውቅና ዕውቅና አለን ብለው ካስመዘገቧት፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1704 መሠረት ውሉ በተንኮል ተደረገ ተብሎ እንዲፈርስ፣ ገንዘቡም እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። አሳሳች ማስታወቂያም በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ለዚህ ሁሉ ደረሰኝና ቴሌግራም ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ዛሬውኑ ስክሪንሾት ታንሳ፤ እንዲህ ያለው ፖስት ቶሎ ይጠፋል።

ሰኞ ስትሄጂ ዲግሪሽንም ፈቃድሽንም ከኮፒያቸው ጋር ያዢ። ፊት ለፊትሽ ያገናዝቡና ዋናውን ይመልሱልሽ። «ሕጋችን ነው» ካሉሽ፣ «እንግዲያው ስንት ቀን እንደሚቆይና ማን እንደተረከበ ፈርማችሁ ማኅተም ምቱልኝ» በያቸው። ብዙ ጊዜ ያኔ ሕጉ ይላላል። ሦስቱን ወራትና 100,000ውን ለማስተካከል ጊዜ ስጡኝ ብትያቸው የሚያጡት ሁለት ቀን ነው። ጨርሶ እንቢ ካሉ ወረቀቱን ሳትፈርሚ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን። ከተስማማችሁ ደግሞ በሁለታችሁም የተፈረመበትን አንድ ቅጂ ሳትቀበዪ ከቢሮው እንዳትወጪ።