ለመንዝ ዳገት የቱ ሞተር? ቦክሰር፣ አፓቼ ወይስ ያማሃ ኤጂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። መሐል ሜዳ አካባቢ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነሽ። የክትባት ሳጥን ከኋላ ጭነሽ ከቀበሌ ቀበሌ ትዞሪያለሽ፣ አልፎ አልፎም የሥራ ባልደረባ ታፈናጥጫለሽ። በራስሽ ገንዘብ ሞተር ልትገዢ ነው። ባጃጅ ቦክሰር 150፣ ቲቪኤስ አፓቼ 180 እና ያገለገለ ያማሃ ኤጂ 100 አግኝተሻል፤ በክብደት፣ በጉልበትና በጥንካሬ የቱ ይሻላል ነው ያልሽው። ብዙው ሰው "አፓቼ ግዢ፣ ጉልበት አለው" ብሎሻል። እኔ አልስማማም። ሦስቱንም በአንኮበርም በመንዝም መንገድ ነድቻቸዋለሁ፣ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

ከጉልበቱ ልጀምር። ወረቀት ላይ አፓቼ ወደ 17 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ቦክሰር 12። ይሄ ቁጥር ግን ለቆላ አየር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት፣ መሐል ሜዳ ከ3,000 ታልፋለች፣ ጓሳ ከዚያም በላይ ነው። 3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው አየር ያንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። እናንተ ጋ የቦክሰሩ 12 ወደ 8 ተኩል ይወርዳል፣ የአፓቼው 17 ወደ 12።

አሁንም አፓቼ ይበልጣል፣ እሱን አልክድም። ግን ያንን ጉልበት የሚሰጥሽ መቼ ነው? ሞተሩ በደቂቃ 8,500 ጊዜ ሲዞር ነው። የመጎተት ኃይሉ እንኳ ጫፍ የሚደርሰው 6,500 ላይ ነው። የቦክሰር የመጎተት ኃይል ግን 5,000 ላይ ጫፍ ይደርሳል። ድንጋይ በበዛበት ዳገት በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያልሽ ስትወጪ፣ ከኋላሽ ሳጥን ተጭኖ ፊት ለፊትሽ በግ ተበትኖ፣ ያንን ሞተር እያስጮኹ መሄድ አይቻልም። ፍሪሲዮን እየያዝሽ እየለቀቅሽ ነው የምትወጪው፣ ያ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ይበላዋል። አፓቼ አስፋልት ላይ ግሩም ሞተር ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ቢጠይቀኝ እሱን ነበር የምለው።

ክብደቱ ግን ለኔ ከጉልበቱ ይበልጣል። ኤጂ 100 ወደ 100 ኪሎ ነው። ቦክሰር ከ120 ትንሽ ከፍ ይላል፣ አፓቼ 137 አካባቢ ነው። ደረቅ መንገድ ላይ ልዩነቱ አይታወቅሽም። ሐምሌ ላይ መረሬ፣ ያ የሚጣበቀው ጥቁር አፈር ውስጥ ስትገቢ ነው የሚታወቅሽ። ጭቃው ከጎማውና ከጭቃ መከላከያው መሃል እየገባ ይጠቀጠቃል፣ ትንሽ እንደሄድሽ የፊት ጎማው መዞር ያቆማል። ወርደሽ በእንጨት ትፈቀፍቂያለሽ፣ አሥር ሜትር ትሄጃለሽ፣ እንደገና ያቆማል። እዚያ ቦታ ሞተር አይነዳም፣ ይገፋል። ሲወድቅ ደግሞ ብቻሽን ነሽ፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ 137 ኪሎ በጭቃ ተለውሶ ተኝቷል። የአፓቼ መሪ ዝቅ ያለ ነው፣ ጎንበስ አድርጎ ያስቀምጣል። ዳገት ላይ ተነስቶ ቆሞ ለመንዳትም አይመችም።

ቦክሰርም የመንገድ ሞተር ነው፣ ጭቃ ይይዛል። ግን የፊት ጭቃ መከላከያውን ከፍ አድርጎ የሚያስር ባለሙያ አይጠፋም፣ ከፍ ብሎ ሲታሰር በጣም ይቀላል። አብረሽ ጥርሱ ገለጥ ያለ ጎማ አስገቢ። የኋላ ጎማው ላይ ያለውን፣ ሰንሰለቱ የሚያዞረውን ባለጥርስ ብረት ደግሞ የጥርሱ ቁጥር ከፍ ባለ አስቀይሪ። ከፍተኛው ፍጥነት ይቀንስብሻል፣ ዳገት ላይ ግን ሌላ ሞተር ይሆንልሻል። እኔ በዚህ ለውጥ ብቻ ነው ሳጥንም ሰውም ጭኜ ስወጣ የኖርኩት።

ኤጂን በተመለከተ፣ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ሰንሰለቱ በሙሉ ሽፋን ውስጥ ነው፣ አቧራም ጭቃም አያገኘውም። ማቆሚያው በግራም በቀኝም አለ፤ ተዳፋት ላይ ማቆም ስትፈልጊ ይሄ ምን ያህል እንደሚጠቅም ሌላ ሞተር ስትይዢ ነው የሚገባሽ። የኋላ ዕቃ መጫኛው ሰፊ ነው፣ የክትባት ሳጥኑ ልክ ይሆንለታል። ድክመቱ 97 ሲሲ መሆኑ ነው። ብቻሽን ከሆንሽ የትም ይወጣል፤ ባልደረባሽን አፈናጥጠሽ ሳጥን ከጨመርሽበት ግን የጓሳ ዳገት ላይ አንዳችሁ ወርዳችሁ ትሄዳላችሁ። ቤንዚንም ይጠጣል። በዚያ ላይ ለብቻው የሚጨመር ዘይት አለው፣ እሱ ካለቀ ፒስተኑ ግሎ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስተሽ 1,280 ላይ ነው የምትደርሺው። ኤጂ ከያዝሽ እንደዚህ ባለ ረጅም ቁልቁለት የቤንዚን መስጫ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ዘግተሽ አትውረጂ። ኤጂ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚን መስጫው ጋር ተያይዞ ስለሆነ፣ ሲዘጋ ዘይቱም ያንሳል። በየመሃሉ ትንሽ ትንሽ ስጪው። በማርሽ የመያዝ አቅሙም ደካማ ነው፣ ፍሬን ላይ ትደገፊያለሽ። ቦክሰር በሁለተኛ ማርሽ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፣ ግን ፍሬኑ ከፊትም ከኋላም የከበሮ ነው፣ አለማቋረጥ ከተያዘ ይግልና ይላላል። ያዝ ለቀቅ እያደረግሽ ውረጂ። በፍሬን አፓቼን የሚደርስበት የለም፣ ሁለቱም ጎማ ላይ ዲስክ ነው።

ጥንካሬ ሲባል ሰው ብረቱን ብቻ ያያል። እኔ የማየው መለዋወጫውን ነው። የቦክሰር ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ሽቦ፣ የፒስተን ፋሻ፣ ኩሽኔታ ደብረ ብርሃን በየሱቁ አለ፣ መሐል ሜዳም ብዙው አይጠፋም፣ የትኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። የኤጂ ዕቃ አዲስ አበባ ድረስ ያስኬዳል፣ ዋጋውም ይከብዳል። የክትባት ዘመቻ ላይ ሆነሽ ሞተርሽ ሳምንት ጋራዥ ቢቆም የሚጎዳው የገበሬው ከብት ነው። ረከስ ብለው የሚሸጡ ሌሎች ሞተሮችም አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ ግን አንዱን ይዤ የኋላ መጫኛው ብየዳው ላይ ተሰንጥቆ ከነዕቃው ወርዷል። ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ።

የቱንም ብትገዢ መጀመሪያ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ለደጋ አስተካክይው። ብዙው ሰው "ይሄ ሞተር አቅም የለውም" እያለ የሚሸጠው እዚህ ላይ ነው። ካንዴላውን ፍቺና እዪው። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው። ጥቁር፣ እንደ ድስት ጥላሸት በጣት የሚጠረግ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው፤ አየሩ ሳስቷል፣ ቤንዚኑ ግን በቆላው ልክ እየገባ ነው። የአየር ማጣሪያውን አጽጂ፤ ካልተለወጠ መካኒኩ የቤንዚን ማሳለፊያዋን በአንድ ቁጥር ጠበብ ባለች ይቀይርልሽ። ያኔ ልዩነቱን በመጀመሪያው ዳገት ታዪዋለሽ። ነገር ግን በጠበበው አስተካክለሽ ሸዋ ሮቢት ወርደሽ ብዙ የምትሠሪ ከሆነ ሞተሩ ይግላል፣ በተለይ ኤጂ ከሆነ አደገኛ ነው። እዚያ ለመክረም ከሄድሽ አስመልሺው።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ ሲወርድ ሃያ ሃምሳ የሚባለው ዘይት ይወፍራል፣ ጠዋት ባትሪውን ይገድልብሻል። ቦክሰር በእግርም ይነሳል፣ ጠዋት ጠዋት በእግር አስነሺው።

ስለዚህ ያንቺ ሥራ ሰው ማፈናጠጥም ስላለበት ቦክሰር 150 ግዢ። ሁልጊዜ ብቻሽን ብትሆኚ ኖሮ ንጹሕ ኤጂ ካገኘሽ እሱን ውሰጂ እልሽ ነበር። ልብሽ አሁንም ወደ ኤጂ ካደላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ማስነሻውን በእግርሽ ቀስ ብለሽ ተጫኚው። ጠጠር ብሎ መመለስ አለበት፤ ዝም ብሎ ከወረደ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል። የሚሸጡት ኤጂዎች ብዙዎቹ ከመሥሪያ ቤትና ከእርዳታ ድርጅት የወጡ ስለሆኑ ቀረጥ ያልተከፈለበት ሊያጋጥምሽ ይችላል፣ እንደዚያ ከሆነ ስም አይዞርልሽም። ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት ሊብሬውን አስቀርቢ፣ የሻሲውንና የሞተሩን ቁጥር ራስሽ አጎንብሰሽ ከብረቱ ላይ አንብቢው፣ ቀረጡ መከፈሉንም በሰነድ አረጋግጪ።