ጠዋት የሚሰማው ድምፅ ሳይጣራ ሴንሰር አይገዛም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። መኪናው የ2004 ቶዮታ ኮሮላ፣ ባለ 1.6 ቤንዚን ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ጋራዥ ሲገባ ስካነሩ ፒ0171 የሚል ኮድ አወጣ። «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» ተብሎ፣ በጭሱ መንገድ ላይ ኦክስጅን ከሚለኩት ሁለት ሴንሰሮች የፊተኛው ተቀየረ፤ መብራቱ ጠፋና በሁለተኛው ቀን ተመልሶ በራ። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ቸርችልን ሲወጡ ቤንዚን ይሸታል፣ ፍጆታው ጨምሯል፣ ካንዴላው ሲፈታ ጥቁር ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ጭክ ጭክ የሚል ድምፅ አለ፤ ሲሞቅ ይጠፋል። አሁን «የኋለኛውንም ሴንሰር ቀይር» ስለተባሉ ልግዛ ወይስ ልተው ብለው ጠይቀዋል።

አይግዙ። ከጻፉልኝ ሁሉ ዋናው ያ የጠዋት ድምፅ ነው። ግምቴ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው የብረት ቱቦ) ጓርኒሽን፣ ማለትም በመሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ ተበልቷል፣ ወይም ማኒፎልዱ ራሱ ተሰንጥቋል የሚል ነው። ሴንሰሩ የደረሰውን በትክክል ነው የተናገረው፤ የደረሰው ነገር ነው የተበላሸው።

ፒ0171 ማለት ኮምፒውተሩ «አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል» ብሎ እያማረረ ነው። ጥቁር ካንዴላ ደግሞ ቤንዚን መብዛቱን ይመሰክራል። ሁለቱ አይታረቁም። በኢንቴክ (በሞተሩ የአየር ማስገቢያ) በኩል አየር ቢገባ ወይም የአየር መለኪያው ቢቆሽሽ ኮዱ ያው ሊሆን ይችላል፤ ካንዴላው ግን ነጣ ይላል እንጂ አይጠቁርም። ኮዱም ካንዴላውም በአንድ ጊዜ እውነት የሚሆኑት፣ ብዙውን ጊዜ የውጪ አየር ከቃጠሎው በኋላ፣ ከሴንሰሩ በፊት ባለ ቀዳዳ ሲገባ ነው።

ይህን ነገር በደንብ ላብራራው፤ ብዙ ሰው ሴንሰር እየቀያየረ ገንዘቡን የሚጨርሰው ይህን ባለማወቅ ነውና። ጭስ ከሞተሩ የሚወጣው እንደ ቧንቧ ውኃ ሳይቋረጥ አይደለም። አንዱ ቫልቭ በተከፈተ ቁጥር አንድ ግፊት ይወጣል። ከግፊቱ ጀርባ ደግሞ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ጫና ለአፍታ ከውጪው አየር በታች ይወርዳል። ስንጥቅ ካለ ግፊቱ ሲያልፍ ጭስ ወደ ውጪ ይተፋል፤ ጭክ የሚለው ድምፅ ይህ ነው። ወዲያው ጫናው ሲወርድ በዚያው ስንጥቅ የውጪ አየር ይሳባል። ልክ እንደ አንጥረኛ ወናፍ፣ አንዴ ይተፋል አንዴ ይስባል። የተሳበው አየር ደግሞ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ሴንሰሩ ቤንዚን አያይም፤ የሚያየው ኦክስጅን ብቻ ነው። ስለዚህ ከስንጥቁ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ሴንሰር ያን ኦክስጅን ሲያገኝ ቮልቴጁን ወደ 0.1 ያወርዳል። ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል። አየሩ ግን መግባቱን አያቆምም፣ ሴንሰሩም ያንኑ ይላል፣ ኮምፒውተሩም እንደገና ይጨምራል። ጭማሪው ጣሪያው ላይ ሲደርስ ኮዱ ይመዘገባል። ሞተሩ ውስጥ የገባው ቤንዚን ግን እውነተኛ ነው፤ ካንዴላውን ያጠቆረው፣ ታንኩን ያጎደለው እሱ ነው። ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ስንጥቁ ይጠብና ድምፁ ይጠፋል፤ ድምፅ መጥፋቱ ግን አየር መሳቡ ቆሟል ማለት አይደለም።

መብራቱ በሁለተኛው ቀን የተመለሰበት ምክንያትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ይህ ኮድ መብራቱን የሚያበራው ጉድለቱ በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ሲታይ ነው። ጋራዡ ኮዱን አጠፋው እንጂ ምንም አልጠገነም። «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው» የሚልዎትም ካለ አይስሙ። ከ2300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ቀጭን መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን መኪናው የሚገባውን አየር ለክቶ ነው ቤንዚን የሚሰጠው።

ግምቱን ለማረጋገጥ ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ይህን ያንብቡ፦ ማኒፎልዱ የሚያፈስ፣ ቤንዚኑም የበዛ መኪና ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ያወጣል። በዝግ ክፍል የተቀመጠ ከሰል የሚገድለው በዚሁ ጋዝ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም። በጠባብ ግቢ በሩን ዘግተው ሞተር አያስነሱ። መኪናውን ወደ ውጪ ያውጡት።

መጀመሪያ ስካነር ተውሰው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሎንግ ተርም ፊውል ትሪም የሚለውን (ኮምፒውተሩ በዘላቂነት የጨመረውን ቤንዚን በመቶኛ የሚያሳየውን) በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረግጡ፣ ይመልከቱ። ከ10 በመቶ በታች ጤነኛ ነው፤ እርስዎ ጋ 20 እና ከዚያ በላይ እንደሚሆን እጠብቃለሁ። ከዚያ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ይያዙትና ሾርት ተርሙን (የቅጽበቱን ጭማሪ) ከሎንግ ተርሙ ጋር ደምረው ያስተያዩ። ድምሩ በሚኒሞ ከፍ ብሎ በዙር ከወረደ ግምቴ ጠነከረ፤ ዙር ሲጨምር የጭሱ ግፊት ስለሚበረታ አየር የመግባት ዕድሉ ያንሳል። በተቃራኒው ዙር ሲጨምር ከወጣ ግን ወደ ቤንዚን ፓምፕና ፊልትሮ ይሂዱ።

ቀጥሎ ቦታውን መፈለግ ነው። በዚህ ሞተር ማኒፎልዱ ያለው ከጀርባ፣ በሾፌሩ ክፍል ግድግዳ በኩል ስለሆነ የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት ያስፈልግዎታል። በጓርኒሽኑ ጠርዝ ጥቁር የጥላሸት መስመር ካዩ ፍለጋው አለቀ። ካላዩ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ የቫኪዩም ክሊነር መንፊያውን በጨርቅ ጠቅልለው በጭስ ማውጫው ጫፍ ይሰኩና ይንፉ፤ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በውኃ በጥብጠው በማኒፎልዱ ዙሪያ ይርጩ። አረፋ የሠራበት ቦታ ነው። ይህ መንገድ ሞተር ስለማያስነሳ ከሁሉም ይሻላል። ሴንሰሩ የተሰካበትንም ቦታ ይርጩ፤ አንዳንድ ቶዮታዎች ላይ ሴንሰሩ በሁለት ዳዶ የሚታሰርና የራሱ ትንሽ ጓርኒሽን ያለው ነው። ሴንሰር ሲቀየር አሮጌውን ጓርኒሽን መልሶ ማሰር በጣም የተለመደ ጥፋት ነው።

ጓርኒሽኑ ከሆነ ለሞተሩ የተሠራውን የብረት ጓርኒሽን ይግዙ። ከጓርኒሽን ወረቀት ተቆርጦ የተሠራ አይቆይም። ከሁሉም የሚያናድደኝ በቀይ ሲልኮን የተለጠፈ ማኒፎልድ ነው! ሲልኮኑ ራሱ ተቃጥሎ ይረግፋል፤ ከመርገፉ በፊት ደግሞ እንፋሎቱ ወደ ሴንሰሩ ሄዶ ጫፉን በነጭ ሽፋን ያፍነዋል። አንድ ጓርኒሽን ለማዳን ሴንሰር መግደል ማለት ነው። የዛጉትን ዳዶዎች ማታ የዝገት ማላቀቂያ ረጭተው ያሳድሩ፤ ጠዋት መጀመሪያ ትንሽ አጥብቀው ከዚያ ይፍቱ። ማኒፎልዱ ሲወርድ ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ያጋድሙ፤ ብርሃን በግልጽ የሚያሳልፍ ከሆነ ጠምዟልና ቶርኖ ቤት ወስደው ያስተካክሉት። ሲመልሱ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር ያጥብቁ፤ ሞተሩ አንዴ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግመው ይፈትሹ። ከታች መግባት ካለብዎ መኪናው በስታንድ ይቁም፣ ክሪክ ብቻ ይዞት አይግቡ።

አሁን ወደዚያ ወደተቀየረው ሴንሰር። ይፈትሹት፤ የከፈሉበት ዕቃ ነውና። ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ይገዛ፣ የዴንሶ (የሴንሰር አምራቹ) ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ዴንሶ አይደለም። የእውነተኛው ቁጥር በብረቱ አካል ላይ ተቀርጾበት ይገኛል፤ ወረቀት ብቻ የተለጠፈበትን ይጠርጥሩ። ሽቦው ተቆርጦ በፕላስተር ከተጠቀለለ ደግሞ ሥራው ያልተሠራ ነው። ሙቀቱ ፕላስተሩን ያቀልጠዋል። በካውያ መበየድም አይመከርም፤ ብዙ ሴንሰሮች ለማነጻጸሪያ የሚያስፈልጋቸውን ንጹሕ አየር የሚያገኙት በሽቦው ውስጥ ስለሆነ ብየዳው መንገዱን ይደፍነዋል። በሚጨመቅ ማገናኛና በሙቀት በሚሸበሸብ ልባስ ይገናኝ። ይልቅ ከፋብሪካ ሶኬቱ ጋር የመጣውን መግዛት ይሻላል።

በቴስተር ሶኬቱን ነቅለው፣ በሴንሰሩ በኩል ካሉት አራት ሽቦዎች ሁለቱን ባለ ተመሳሳይ ቀለም ይለኩ፤ በሴንሰሩ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ሽቦዎች ናቸው። በቶዮታ ተራው ኦክስጅን ሴንሰር ሲቀዘቅዝ ከ11 እስከ 16 ኦም ያሳያል። ከ1.8 እስከ 3.4 ካነበበ ኤር ፊውል የሚባለው ዓይነት ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም፣ ቢገጥም እንኳ። መስመሩ ከተቋረጠ ማሞቂያው ሞቷል። ተራው ዓይነት ከሆነ ሶኬቱን መልሰው፣ ሞተሩን አሙቀው በ2500 ዙር የምልክት ሽቦውን ይለኩ፦ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት መካከል በ10 ሰከንድ ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ መዋዠቅ አለበት። ይህንም ሲያደርጉ መኪናው ከግቢ ውጪ ይሁን፤ የግቢውን በር ከፍቶ መተው ብቻ አይበቃም።

መቀየር ግዴታ ከሆነ ሶኬቱን መጀመሪያ ይንቀሉ፣ ገመዱ እንዳይጠማዘዝ። ሞተሩ ለብ ብሎ ሳለ በቁጥር 22 ቁልፍ፣ ጎኑ ለሽቦ በተሰነጠቀው የሴንሰር ቡሶላ ይፍቱ፤ ቀዝቃዛውን በጉልበት የፈታ ጥርሱን ይዞት ይወጣል። በአዲሱ ጥርስ ላይ ቅባት ተቀብቶ ይመጣል፣ ሌላ አይጨምሩ፣ ጫፉንም በእጅ አይንኩ። በጥርስ የሚገባው 44 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። ወድቆ ድንጋይ የመታ ሴንሰር አይገጠምም፤ ውስጡ ሴራሚክ ነው።

የኋለኛው ሴንሰር ዋና ሥራው ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) መከታተል ነው፤ የእርስዎን ዓይነት የቤንዚን መብዛት አያመጣም። የራሱ ኮዶች የሆኑት ፒ0136 ወይም ፒ0141 ካልወጡ በስተቀር አይንኩት።

ጥገናው ሲያልቅ ካንዴላዎቹን ያጽዱ ወይም ይቀይሩ፣ የሞተር ዘይቱን መለኪያ አውጥተው ያሽትቱ፤ ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱን ይቀይሩ። ኮዱን አጥፍተው ሁለት ሦስት ቀን በተለመደው መንገድዎ ይንዱና ትሪሙን እንደገና ይመልከቱ። ቁልፉን ሲከፍቱ፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሎ ወይም ከዚህ በፊት አንድ ሰው አውጥቶት ሊሆን ይችላል፣ ያስተካክሉት። በጉዞ ላይ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ዳር ይዘው ያጥፉት፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊስቱን እያቃጠለው ነው። ጓርኒሽኑ እስኪቀየር ድረስ ደግሞ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ መስኮት ዘግተው አይቁሙ፣ ልጆችንም ሞተሩ በሚሠራ መኪና ውስጥ አይተዉ።