የሚስተካከል ሸንት፦ ጠይቁ፣ ሲስተር ትመልሳለች

ሲስተር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሸንት ማለት አንጎል ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽን ወደ ሆድ የሚያወርድ፣ ከቆዳ ሥር የሚገጠም ቱቦ ነው፤ ቫልቩ የሚወርደውን መጠን ይቆጣጠራል፣ የሚስተካከለው ደግሞ ቁጥሩ ከውጭ ይቀየራል። አሜሪካ በነርቭ ቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ቫልቭ የማስተካክል ነርስ ነኝ። ስትጠይቁ የቫልቩን ዓይነትና ቁጥሩን ጻፉልኝ፤ ከሆስፒታል የተሰጣችሁ ካርድ ላይ አለ።

የናቲ እናት፦ ሲስተርዬ፣ ልጄ የሚስተካከለው ሸንት ነው የተገጠመለት። ራሱን ያመዋል። ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ የትኛው ቫልቭ? ስንት ላይ ነው? ቆሞ ነው ተኝቶ የሚያመው? የሚያስታውክ፣ የሚደበተው ወይም የሚያተኩሰው ከሆነ መልሴን አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው።

የናቲ እናት፦ ስትራታ ነው፣ 1.5 ላይ። 8 ዓመቱ ነው። ሲነሳ ይብስበታል፣ ጋደም ሲል ይተወዋል። ሌላ ምልክት የለውም።

ሲስተር፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ሲቆም ብሶ ሲተኛ የሚተው ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ፈሳሹ ከሚገባው በላይ ሲወርድ የሚመጣ ነው። ቱቦው ከጭንቅላት እስከ ሆድ የተዘረጋ ስለሆነ፣ ልጁ ሲቆም የፈሳሹ ክብደት ራሱ ወደ ታች ይስባል። ስትራታ ከ0.5 እስከ 2.5 አምስት ደረጃ አለው። ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚወርደው ይቀንሳል፤ ወላጆች ሁልጊዜ ገልብጠው ነው የሚረዱት። ሐኪሙ ወደ 2.0 ከፍ ሊያደርገው ይችላል፣ ቆዳ ሳይነካ፣ ከላይ በማግኔት። ግን መጀመሪያ እውነት 1.5 ላይ መሆኑ ይነበብ። ኤምአርአይ ተነስቷል?

የናቲ እናት፦ ባለፈው ወር። ከዚያ ወዲህ ማንም አላየውም።

ሲስተር፦ ይኸው! ስንቴ ልናገር? ኤምአርአይ ትልቅ ማግኔት ነው። የቆዩት ስትራታና ኮድማን ሃኪም የሚባሉት ቫልቮች እዚያ ገብተው ቁጥራቸው ሊዞር ይችላል። እንደ ሰርታስ ፕላስ ያሉት እስከ 3 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) እንዲቋቋሙ ተሠርተዋል፤ እኔ ግን እነሱንም አስነብቡ ነው የምለው። ነገ ውሰጂው።

ዳዊት፦ ለልጄ የተገጠመው የሕንዱ ቻብራ ነው፣ የማይስተካከለው። በድዬው ይሆን? ከውጭ ላስመጣ?

ሰላም ከሲያትል፦ በልጅህ ገንዘብ አትቆጥብ፣ አስመጣ!

የገነት አባት፦ አስመጥቶስ? የሚያስተካክልበት መሣሪያ አጠገቡ ከሌለ በምን ሊያዞረው ነው?

ሰላም ከሲያትል፦ መሣሪያውም ይመጣላ።

የገነት አባት፦ አንቺ ትከፍያለሽ?

ሲስተር፦ ተዉ እንጂ። ዳዊት፣ አልበደልከውም። ኡጋንዳ ምባሌ ውስጥ 195 ሕፃናት ላይ ቻብራ ከውዱ ኮድማን ጋር ተወዳድሮ፣ በዓመቱ ልዩነት አልተገኘም። በ1999 የወጣ ጥናትም የሚስተካከለውንና መደበኛውን አወዳድሮ፣ የመበላሸቱ ነገር ያው ሆነ። የሚስተካከለውም ይዘጋል፣ ኢንፌክሽንም ይይዘዋል። ጥቅሙ ግፊቱን ለመቀየር ሌላ ቀዶ ሕክምና አለማስፈለጉ ነው። ደግሞ የአንዱ ኩባንያ መሣሪያ የሌላውን ቫልቭ አያዞርም። የገነት አባት ልክ ነው።

ተስፋ፦ ሁሉም ኢቲቪ (አንጎል ውስጥ ለፈሳሹ መውጫ የሚከፍተው ቀዶ ሕክምና) ቢሠራለት ቱቦ ራሱ አያስፈልግም ነበር።

ሲስተር፦ ለሁሉም አይሆንም። ርዕሳችንም አይደለም።

ሙሉ፦ ጠበል መጠመቅ ይችላል?

ሲስተር፦ ቁስሉ ከደረቀ ይችላል። ክትትሉ ግን አይቋረጥ።

ቤዛ፦ አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። እግራቸው መሬት ላይ የተጣበቀ ይመስላል፣ ሽንት ያመልጣቸዋል፣ ይረሳሉ። እርጅና ነው ተባልን።

ሲስተር፦ ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ እርጅና ነው ብላችሁ አትተዉት፤ የነርቭ ሐኪም ይያቸው። ኮሎምቢያዊው ሰሎሞን ሃኪም በ1965 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳወቀው፣ አንጎል ውስጥ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት በሽታ ሊሆን ይችላል፣ በሸንትም ሊሻል ይችላል። የሚስተካከለው ቫልቭ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው። በሽማግሌ ላይ ፈሳሹ ቶሎ ከወረደ አንጎል ከራስ ቅሉ ሸሽቶ በላዩ ደም ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ከፍ ባለ ቁጥር ተጀምሮ፣ አረማመዳቸው እየታየ ደረጃ በደረጃ ዝቅ ይደረጋል።

ሀና፦ ታብሌትና ስልክስ?

ሲስተር፦ ከቫልቩ 5 ሴንቲሜትር ይራቅ። በተለይ ማግኔት ያለው የታብሌት ሽፋን! ልጁ ጆሮው ሥር አድርጎት እንዳይተኛ።

ኪያ፦ ሲስተር፣ ልጄ ሸንት አለው፣ ራሱን ያመዋል፣ ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ የትኛው ቫልቭ? ስንት ላይ?

ኪያ፦ አላውቅም፣ የጭንቅላት ነው።

ሲስተር፦ ካርዱን ፈልጊ፣ ፎቶ አንስተሽ ላኪ። እስከዚያ ከላይ ያለውን አንብቢ።