ጎበጥ ያለ አንገት ያለው ፍሬት አልባ ቤዝ ይገዛል?

ጥያቄ፦ በአዳማ የምኖር የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ። ለዓመታት በባለፍሬት ቤዝ፣ ማለትም በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በአግድም በተተከሉበት ቤዝ፣ ስጫወት ቆይቼ፣ የትዝታንና የአንቺሆዬን መንሸራተት እንደ ልቤ ላወጣበት ብዬ አሁን ፍሬት አልባ እየፈለግሁ ነው። አዲስ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ያገኘሁት ያገለገለ ቤዝ ባለቤቱ ራሱ ፍሬቶቹን የነቀለለት ነው፤ ዋጋው ይስማማኛል፤ ነገር ግን ክሮቹ በአንገቱ መሀል ላይ ከእንጨቱ በጣም ይርቃሉ። ሻጩ «ቁልፉን ጠበቅ ማድረግ ብቻ ነው» ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ ሻጩ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ያቺ «ብቻ» የምትል ቃል ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት መፈተሽ አለባት። በባለፍሬት ቤዝ ላይ ክሩ የሚያርፈው በብረት ላይ ስለሆነ፣ ከሥሩ ያለው እንጨት ጥቂት ቢያብጥ ወይም ቢሰረጉድ ባለሙያው ፍሬቶቹን ሞርዶ ሊያስተካክለው ይችላል። በፍሬት አልባው ግን ጣትዎ ክሩን የሚጫነው በቀጥታ በእንጨቱ ላይ ነውና የአንገቱ ጉድለት ሁሉ ያለ ከልካይ ወደ ድምፁ ይገባል።

በመጀመሪያ ቤዙን በተለመደው ቅኝት ይቃኙት። አራቱ ክሮች ሲወጠሩ አንገቱን በድምሩ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል ስለሚስቡት፣ ክሩ የላላ ቤዝ ስለ አንገቱ የሚነግርዎት ነገር የለም። ቀጥሎም ወፍራሙን ክር በአንድ እጅዎ የመጀመሪያው ፍሬት በነበረበት ቦታ፣ በሌላው እጅዎ ደግሞ አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት አካባቢ ይጫኑት። የተወጠረ ክር ቀጥ ያለ ማስመሪያ ነው። ሰባተኛው ፍሬት በነበረበት አካባቢ በክሩና በእንጨቱ መካከል ያለውን ክፍተት አብሮዎት የሄደ ሰው በወረቀት ይለካልዎ፤ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። አንድ ወይም ሁለት ወረቀት ክሩን ሳያነሣ የሚያልፍ ከሆነ አንገቱ ጥሩ ነው፤ ሦስትም ያስኬዳል። የባንክ ካርድ ያለ ችግር ከገባ ግን ጉብጠቱ ብዙ ነው። ይህንኑ በቀጭኑ ክር ይድገሙት። በሁለቱ ክሮች ሥር ያለው ክፍተት በጉልህ ከተለያየ አንገቱ ጎብጦ ብቻ ሳይሆን ተጣሞ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ጥመት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ አያቃናውም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ በቀለሙ ተማርኬ የተጣመመ አንገት ያለው ቤዝ ገዝቼ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ጥፋቱን በጣቶቼ ላይ ሳላክክ ኖሬአለሁ።

ሻጩ «ቁልፍ» ያለው በአንገቱ ውስጥ የተቀበረውን፣ ትረስ ሮድ የሚባለውን የብረት ዘንግ የሚያጠብቀውን ብሎን ነው። እርስዎ እያዩ መጀመሪያ ጥቂት እንዲያላላው፣ ከዚያም መጀመሪያ ከነበረበት ሩብ ዙር ያህል አሳልፎ እንዲያጠብቀው ይጠይቁት፤ ክሮቹን መልሰው ቃኝተው ክፍተቱን እንደገና ይለኩ። ከጠበበ ሻጩ አላታለለዎትም። ብሎኑ ቀድሞውኑ እስከ መጨረሻው ጠብቆ አንገቱ አሁንም ጎባጣ ከሆነ ግን ዋጋው በግማሽ ቢወርድም አልመክርዎትም። በአንዳንድ ቤዞች ብሎኑ በአካሉ በኩል ስለሚገኝ አንገቱ ካልተፈታ አይደረስበትም፤ ሻጩ ለመፍታት እንቢ ካለ ምክንያቱን እርስዎም ይጠርጥሩ።

ፍሬቱ የተነቀለ መሆኑ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ፍሬት በእንጨቱ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ተሰክቶ አንገቱን ያጠነክረዋል፤ ሃያው ሲነቀል አንገቱ ይለሰልስና በክሮቹ ጉተታ ወደ ፊት ይጎብጣል። ምናልባትም ያዩት ጉብጠት መነሻው ይኸው ነው። ስለዚህ ቀዳዳዎቹ በምን እንደ ተሞሉ ይመርምሩ። በጥፍርዎ ሲጫኑት የሚሰረጉድ ለስላሳ ማጣበቂያ ከሆነ ሥራው ግማሽ ነው፤ በቀጭኑ ተሰንጥቆ በልኩ የገባ ጠንካራ እንጨት ከሆነ ደግሞ ነቃዩ የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው። በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉባት መቀመጫም ለፍሬቶቹ ቁመት ታስባ የተቀረጸች ስለሆነች አሁን ከፍ ትላለች። ይህ ግን ቀላል ነው፤ ባለሙያ ቦዮቿን ዝቅ ያደርጋቸዋል።

በመጨረሻም እያንዳንዱን ክር ከላይ እስከ ታች ጣትዎን እያንሸራተቱ ያዳምጡ። ፍሬት አልባ ቤዝ ጥቂት ማጉረምረሙ ጠባዩ ነው፤ የበገና ጅማት እንዚራውን እየነካ እንደሚነዝር ሁሉ፣ ክሩ እንጨቱን እየዳሰሰ የሚያወጣው ድምፅ የሚፈለግ ነው። የማይፈለገው በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ድንገት የሚታፈን ወይም የሚንጫጫ ድምፅ ነው። ይህ አንገቱ ከአካሉ በሚጋጠምበት በኩል ከተሰማ፣ እንጨቱ እዚያ ጋ ሽቅብ ተነሥቷል ማለት ነው። በቀጫጭኑ ክሮች ሥር ከሆነ ደግሞ ሽቦው ሻካራ የሆነ ክር እንጨቱን ቦርቡሮት ሊሆን ይችላል፤ በፍሬት አልባ ቤዝ የታወቀው አሜሪካዊ ጃኮ ፓስቶሪየስ የቤዙን የጣት ሰሌዳ (ጣት ክሩን የሚጫንበትን የአንገቱን ፊት) ኢፖክሲ በሚባል ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ የሸፈነው ይህን መሰሉን መበላት ለመከላከል ነበር። ሁለቱም ጉድለቶች ሰሌዳውን በመላግ ይስተካከላሉ፤ ፍሬት ስለሌለ ሥራው ከባለፍሬቱ ይቀላል፤ ነገር ግን ሰሌዳው ለመላግ የሚበቃ ውፍረት እንዳለው ከጎኑ አይተው ያረጋግጡ፤ የእጅ ዋጋውንም ከቤዙ ዋጋ ላይ ያስቀንሱ።

ከገዙት በኋላ ልሙጥ ሽቦ የተጠመጠመበት ክር ቢያስገቡለት እንጨቱ ይቆይልዎታል። ይህ ዓይነቱ ክር ብዙ ጊዜ ከሻካራው ይልቅ አንገቱን አጥብቆ ስለሚስብ፣ ክር በቀየሩ በሳምንቱ፣ ከዚያም ክረምት ሲገባና ሲወጣ፣ ያንኑ የወረቀት ልኬት ይድገሙት።